«ሊንጎ» እሑድ ነው፣ «ሊንጎ» ሳምንት ነው፦ በፊሊፒኖች የቀን ስሞች ላይ ደጋግመን የምንሠራቸው ስህተቶች

ዱባይ ውስጥ በአንድ ሆቴል ላውንደሪ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። አንሶላውን ከወዲያ ጫፍ ይዘው አብረውኝ የሚያጥፉት፣ ማታም ከበላዬ ካለው አልጋ የሚተኙት ፊሊፒኖች ነበሩ። ቋንቋቸውን ታጋሎግን የለመድኩት ከእነሱ አፍ ነው። አሁን አዲስ የሚመጡ የአገሬ ልጆች «አስተምሪን» ሲሉኝ ደስ ይለኛል፤ ሰባቱን ቀን በአንድ ማታ ሸምድደው ይመጣሉ። ከሰኞ እስከ እሑድ፦ ሉኔስ፣ ማርቴስ፣ ሚየርኩሌስ፣ ሁዌቤስ፣ ቢየርኔስ፣ ሳባዶ፣ ሊንጎ። «ጨረስኩ እኮ እትዬ» ይሉኛል። አልጨረሱም። በቅርቡ አንዷ በዚሁ የተነሳ የአንድ ቀን ደሞዝ ተቆርጦባት አልቅሳ ስትመጣ ነው ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት።

ልጅቷ ኦፍ፣ የዕረፍት ቀን ማለት ነው፣ መቀያየር ፈልጋ አብራት የምትሠራውን ፊሊፒኖ ለመነቻት። ፊሊፒኖዋም ፈቃደኛ ነበረች፤ «ሳ ኢሳንግ ሊንጎ ና ላንግ» አለቻት። ልጅቷ «ሊንጎ» እሑድ መሆኑን ታውቃለች። «ኢሳ» አንድ መሆኑንም ታውቃለች። ሁለቱን ደምራ «ይችን አንድ እሑድ» ብላ ተረዳችና እሑድ ዕለት ለጥ ብላ ተኛች። የተባለችው ግን «በሚቀጥለው ሳምንት ይሁንልሽ» ነበር። ሱፐርቫይዘሩ አብሰንት ጻፈባት፣ ዋርኒንግም ጨመረላት።

ሊንጎ በታጋሎግ እሑድም ነው፣ ሳምንትም ነው። ሲጻፍ እሑዱ በትልቁ ፊደል፣ ሳምንቱ በትንሹ ይጀምራል። ግን በስልክ መልእክት ላይ ትልቅና ትንሽ ፊደል የሚለይ ሰው የለም፣ ጆሮ ደግሞ ጭራሽ አይለየውም። ስለዚህ ዙሪያውን ማየት የግድ ነው። «ሳ ሊንጎ» ካለችሽ የሚመጣው እሑድ ነው። «ሳ ኢሳንግ ሊንጎ» ካለችሽ የሚቀጥለው ሳምንት ነው። «ኖኦንግ ሊንጎ» ያለፈው እሑድ፣ «ኖኦንግ ኢሳንግ ሊንጎ» ያለፈው ሳምንት። «ቱዊንግ ሊንጎ» እሑድ እሑድ ማለት ነው፤ «ሊንጎ ሊንጎ» ብላ ከደገመችው ደግሞ በየሳምንቱ። እነዚህን ስድስቱን ከሰባቱ ስሞች በፊት አጥኗቸው እላለሁ። ሉኔስን ብትረሺ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ። ኢሳንግን ሳትሰሚ ካለፍሽ ግን የገባሽ ስለሚመስልሽ አትጠይቂም፤ ጉዳቱ እዚያ ላይ ነው።

ከዚህም የሚብስ አለ። «ሳ ሱሱኖድ ና ሊንጎ» ሲባል የሚቀጥለው ሳምንትም የሚቀጥለው እሑድም ሊሆን ይችላል፤ በድምፅ ፍጹም አንድ ናቸው። «ንጋዮንግ ሊንጎ»ም እንደዚሁ፤ ወይ በዚህ ሳምንት፣ ወይ በዚህ እሑድ። ፊሊፒኖች ራሳቸው እርስ በርስ ሲጠያየቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መፍትሔው ከእነሱው ዘንድ አለ፦ «ሳ አራው ናንግ ሊንጎ»፣ በዕለተ እሑድ እንደማለት ነው። አራው ቀን ነው፣ ፀሐይም ነው። ገንዘብ፣ ጉዞ፣ ሐኪም ወይም የሥራ ቀጠሮ ያለበት ነገር ሲሆን ይህችን «አራው ናንግ» የምትለዋን ሳትሰሙ እሺ አትበሉ። ካልተባለች እናንተ ጠይቁ፦ «አራው ናንግ ሊንጎ ባ?» ሦስት ሰከንድ ናት። ልጅቷ ይህችን ብትጠይቅ ኖሮ ደሞዟ አይቆረጥም ነበር።

ሁለተኛው ስህተት የራሴ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል። ሉኔስ ሲሉ ባዶውን አይሉትም። ለሚመጣው ሰኞ «ሳ ሉኔስ»፣ ላለፈው «ኖኦንግ ሉኔስ»። በአማርኛ «ሰኞ» ብለን እንተወዋለን፤ ሄድኩ ወይም እሄዳለሁ የሚለው ግስ ቀሪውን ይነግረናል። በታጋሎግ ግን ግስ የማይኖርበት ዓረፍተ ነገር ብዙ ነው። ያኔ ያለፈውን ከሚመጣው የምትለየው ከቀኑ ስም በፊት ያለችው ቃል ብቻ ናት።

በሁለተኛው ዓመቴ አንዲት እንደ ታላቅ እህት የማያት ፊሊፒኖ ለልጆቿ የምትልከውን ባሊክባያን ቦክስ እየሞላች ነበር። ያ ትልቅ ካርቶን ወራት ይፈጅበታል፤ ሳሙናው፣ ወተቱ፣ ጫማው ጥግ ጥጉን እየተጠቀጠቀ ይሞላል። እኔም ለትንሿ ልጅ ሁለት ቀሚስ ገዝቼ ነበርና «ቅዳሜ እዚያ ነኝ» ልላት ፈለግሁ። «ናንዶኦን አኮ ኖኦንግ ሳባዶ» ብዬ ላክሁላት። እዚያ ነኝ፣ ኖኦንግ፣ ቅዳሜ። እሷ ያነበበችው «ባለፈው ቅዳሜ እዚያ ነበርኩ» የሚለውን ነው። መጥቼ በር ዘግታብኝ የተመለስኩ መሰላት። አብረዋት የሚኖሩትን ሁሉ «ማን አያት?» እያለች ስትጠይቅ ዋለች፣ ማታ ደውላ ይቅርታ ስትጠይቀኝ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ካርቶኑም ያለ ቀሚሶቹ ታሸገ። ሳ በማለት ፋንታ ኖኦንግ ስላልኩ ብቻ።

አንዳንዶቻችሁ «እነሱ እኮ ቀኑን በእንግሊዝኛ ነው የሚሉት» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ በተለይ ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ማንዴይ፣ ሰንዴይ ማለት ይቀናቸዋል። ልብ በሉ ግን፤ «ሳ ማንዴይ»፣ «ኖኦንግ ሰንዴይ» ነው የሚሉት። ስሙ እንግሊዝኛ ሲሆን ሳ እና ኖኦንግ ከቦታቸው አይነቃነቁም።

«የዛሬ ስምንት» የሚለውን ወደ ታጋሎግ አትገልብጡት። እኛ ዛሬን ጨምረን ስለምንቆጥር ሳምንቱ ስምንት ይሆናል፣ ሁለት ሳምንቱ ደግሞ «የዛሬ አሥራ አምስት»። ሳምንት የሚለው ቃል ራሱ የስምንት ዘመድ ነው። ለፊሊፒኖ ግን «ዋሎንግ አራው» ካልሻት ስምንት ቀን ቆጥራ አንቺ ካሰብሽው ቀን በማግስቱ ትመጣለች። ሳምንት ለእሷ «ፒቶንግ አራው»፣ ሰባት ቀን ነው። ብድር የምትመልሺበትን ቀን በዚህ ተሳስተሽ ከምትጣዪ «ኢሳንግ ሊንጎ» ብለሽ ተናገሪ።

ሳባዶ ቅዳሜ ነው። ይህ ግልጽ ይመስላል፤ ሆኖም «ሳባዶ ሰንበት አይደል እንዴ?» ብለው እሑድ የሚሉ አጋጥመውኛል። ትግርኛ ተናጋሪዎቹ ላይማ አልፈርድም፤ በትግርኛ ሰንበት የእሑድ ስም ነው፣ ቅዳሜው ቀዳም ነው። እኛም ሰንበት ስንል ብዙ ጊዜ እሑድን ነው የምናስበው። ጥርጣሬው ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም፤ ሳባዶና ሰንበት ሁለቱም ከዕብራይስጡ ሻባት ጋር የአንድ ቤተሰብ ናቸው። ልዩነቱ፣ ስፓኒሾቹና ከእነሱ የተቀበሉት ፊሊፒኖች ቃሉን በጥንተ ቦታው ቅዳሜ ላይ ተዉት። እኛ ሁለት ሰንበት ስላለን የመጀመሪያውን «ቀዳሚት ሰንበት» አልን፣ ቅዳሜም ከዚያው ወጣ። ሳባዶን የምትረሳ ልጅ ካለች «ቀዳሚቷ ሰንበት» ብላ ትያዘው፣ ከዚያ በኋላ አይጠፋትም።

ከስሞቹ መነሻ ጋር የተያያዙ ስህተቶችም አሉ፤ እነዚህ ደሞዝ አያስቆርጡም፣ ግን ሰው ሲያስተምራቸው ስሰማ ዝም ማለት ያቅተኛል። አንደኛው በስሞቹ ውስጥ ቁጥር መፈለግ ነው። የእኛ ቀኖች ተቆጥረው የተሰየሙ ናቸው፦ እሑድ አንድ፣ ሰኞ ከግዕዙ ሰኑይ ሁለተኛ፣ ማክሰኞ «ማግስተ ሰኞ» ከሚለው፣ ረቡዕ አራት፣ ሐሙስ አምስት። ዓርብ ብቻ ከመጥለቅ ነው፣ ምዕራብ ካልንበት ሥር፤ የሰንበት ዋዜማ ስለሆነ። በዚህ ልማድ «ሉኔስ አንደኛ ማለት ነው?» ብሎ የሚጠይቀኝ አይጠፋም። አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ ከ1565 ጀምሮ እስከ 1898 ፊሊፒንስን የገዙት ስፓኒሾች የቀን ስማቸውንም ይዘው ነው የመጡት፤ ያ ደግሞ ከሮማውያን የወረደ ነው። ሉኔስ ከጨረቃ፣ ማርቴስ ከማርስ፣ ሚየርኩሌስ ከሜርኩሪ፣ ሁዌቤስ ከጁፒተር፣ ቢየርኔስ ከቬነስ።

ይህን የሰማች አንዲት ጸሎተኛ የክፍላችን ልጅ «የጣዖት ስም በአፌ አላነሳም» ብላ አስቸገረች። ሐሳቧን አላቃለልኩትም፤ ፖርቱጋሎች በዚሁ መንገድ ሄደው የሰኞን ስም «ሁለተኛ»፣ የማክሰኞን «ሦስተኛ» እያሉ እስከ ዓርብ እንደ እኛ በቁጥር ይጠራሉ። ነገር ግን ለዛሬዋ ፊሊፒኖ ቢየርኔስ የሚያስታውሳት ቬነስን አይደለም። ማኒላ ኪያፖ በሚባለው ሰፈር ዓርብ ዓርብ ሰው እንደ ጎርፍ የሚሄደው ጥቁሩ ናዝራዊ የሚባለውን መስቀል የተሸከመ የክርስቶስ ሐውልት ለመሳለም ነው። ረቡዕ ደግሞ ባክላራን የሚባለው ቤተ ክርስቲያን ቀን ናት፤ ሚየርኩሌስ ስትመጣ ወደ እመቤታችን ጸሎት፣ ኖቬና ወደሚሉት፣ የሚጎርፈው ሕዝብ መንገዱን ይዘጋዋል። ያችን ልጅ ይህን ስነግራት ረቡዕና ዓርብ የምትጾማቸው ሁለት ቀኖች በእነሱም ዘንድ ክብር እንዳላቸው አየች፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ችግር ጠራቻቸው።

ሌላው፣ «ስድስቱ የስፓኝ ናቸው፣ ሊንጎ ግን የአገሩ ቃል ነው» የሚለው ነው። ድምፁ ስለማይመስል ብዙ ሰው ያምነዋል፣ ፊሊፒኖችም ጭምር። ሊንጎ የዶሚንጎ ልጅ ነው፤ ዶሚንጎ የጌታ ቀን። ሴቡና ኢሎኮስ በሚባሉት የፊሊፒንስ አካባቢዎች ያሉት ዛሬም ዶሚንጎ ነው የሚሉት፣ አብራችሁ የምትሠራው ከዚያ ከሆነች በጆሮአችሁ ታረጋግጣላችሁ። ኢንዶኔዥያውያን ዘንድ ቃሉ «ሚንጉ» ሆኖ፣ እንደ ታጋሎጉ ሁሉ እሑድም ሳምንትም ማለት ነው፤ እነሱ የተቀበሉት ከፖርቱጋሎች ነው። ከጌታ ቀን እስከ ጌታ ቀን ያለው ሁሉ በእሑዱ ስም ተጠራ። ይህን ሳውቅ ያ ያስለቀሰን የሊንጎ መንታነት ትርጉም አገኘልኝ። በግዕዝም ሰንበት ሳምንት ማለት የሚሆንበት ቦታ አለ።

በጣም የምወደውን ልንገራችሁ። ፊሊፒኖ ሁሉ ሉኔስ፣ ማርቴስ አይልም። በደቡብ፣ በሱሉ ደሴቶች የሚኖሩት ሙስሊሞቹ ታውሱጎች ቀን የሚጠሩት ከዓረብኛ በመጡ ስሞች ነው፤ ሰኞ «ኢስኒን»፣ እሑድ «አሃድ»። እሑድና አሃድ! እንደኛው ከአንድ ነው የሚጀምሩት። አንዲት የሱሉ ልጅ ካንቲን ውስጥ በጣቷ እየቆጠረች ስትነግረኝ እኔም በአማርኛና በግዕዙ ጎን ለጎን ቆጠርኩላት፣ ምሳችን ቀዘቀዘ። ስለዚህ «ይህ የፊሊፒኖች ነው» ከማለታችሁ በፊት ከየት እንደሆነች ጠይቁ።

ጥቃቅኖቹን ቶሎ ልበላቸው። ማርቴስ ማክሰኞ ነው፣ ማርሶ የመጋቢት አካባቢ የፈረንጅ ወር ነው፤ ሁለቱም ከማርስ ስለመጡ ይምታታሉ፣ የፈቃድ ፎርም ላይ ተጠንቀቁ። ሚየርኩሌስ አንዳንዴ ሚየርኮሌስ ተብሎ ይጻፋል፣ ስህተት አይደለም። ሁዌቤስ በስፓኝኛ ሲጻፍ በጄ ይጀምራል፤ እንደዚያ ተጽፎ ብታገኙት «ጁ» ብላችሁ እንዳታነቡ።

ሰዓቱ ግን ከቀኑ ጋር ስለሚሄድ መባል አለበት። እነሱ ሰዓትም በስፓኝኛ ነው የሚጠሩት፤ «አላስ ዶስ ናንግ ሃፖን» ሲሉ ዶስ ሁለት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ግን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ቀኑን አስተካክላ ሰዓቱን በሐበሻ የሰማች ልጅ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሰው አስጠብቃለች።

ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበትን ቀን ሊንጎ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ኢሚሬትስ የሳምንት ዕረፍቷን በፈረንጆቹ 2022 መጀመሪያ ላይ ወደ ቅዳሜና እሑድ ሳታዞር በፊት ዓርብ ነበር ብዙው ሠራተኛ የሚያርፈው፣ ቅዳሴያቸውም ዓርብ ዓርብ ይሞላ ነበር። «ማግሲሲምባ አኮ ሳ ቢየርኔስ» ሲሉኝ፣ ዓርብ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ ማለታቸው ነው፤ እኔ ግን የተሳሳቱ መስሎኝ «ሊንጎ ነው የሚባለው» ብዬ አርሜአቸዋለሁ። በራሳቸው ቋንቋ አርሜአቸው ዝም አሉኝ፣ ትዕግሥታቸው ትልቅ ነበር።

«ቢየርኔስ ሳንቶ»ንም፣ የእነሱን ስቅለት ማለት ነው፣ ሰምታችሁ የእኛ ስቅለት የዚያን ዕለት ነው እንዳትሉ። በፈረንጆቹ 2024 የእነሱ ፋሲካ ማርች 31 ዋለ፣ የእኛ ግን ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ። በ2025 ደግሞ ሁለቱም በአንድ እሑድ ዋሉ። ኦፍ የምትጠይቁ ከሆነ «የእኔ ስቅለት» ብላችሁ ቀኑን ለይታችሁ ጻፉ። ሰሞነ ሕማማቱን «ማሃል ና አራው» ይሉታል፤ ማሃል ውድም ቅዱስም ነው፣ ስለ ገበያ ዋጋ የሚያወሩ መስሏት ገብታ የተናገረች ልጅ ነበረች።

የመጨረሻው ስለ ዘመን አቆጣጠር ነው። «የእኛ ካላንደር ስለሚለይ ቀኑም ይለያል» የሚል አለ። ወሩና ዓመቱ ይለያል፣ ሰኞው ግን ሰኞ ነው። እንዲያውም ቀን የዘለለችው ፊሊፒንስ ናት። ስፓኒሾቹ ከሜክሲኮ ተነስተው ፓሲፊክን ወደ ምዕራብ አቋርጠው ስለመጡ ማኒላ ለዘመናት ከጎረቤቶቿ አንድ ቀን ወደ ኋላ ቀርታ ትቆጥር ነበር፤ ማካው እሑድ ሲሆን ማኒላ ቅዳሜ። ገዢው ናርሲሶ ክላቬሪያ ይህን ለማስተካከል ባወጣው ትእዛዝ ሰኞ ዲሴምበር 30 ቀን 1844 የተኛ ሰው ሲነቃ ረቡዕ ጃንዋሪ 1 ቀን 1845 ነበር። የዚያ ሳምንት ማርቴስ የለም።

ከዚያ ወዲህ የእነሱም የእኛም ቀን አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ ከቁጥሩ ይልቅ የቀኑን ስም ተናገሩ። በክፍላችን በር ላይ ሁለት ካላንደር ነበር፣ የእኛና የእነሱ። መስከረም 1 ቀን 2017 በእነሱ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነበር፤ በሁለቱም ሚየርኩሌስ። አቴ፣ ማለት ታላቋ እህታችን፣ ለአዲስ ዓመታችን ዶሮ ልትሠራልን ተነሳች። ሚየርኩሌስና ቢየርኔስ መጀመሪያ የያዝኳቸው ስሞች ናቸው፤ ጾም ስለሆኑ ሥጋ ስትሰጠኝ በእነሱ ነበር የምመልስላት። የዚያን ዕለትም «ሚየርኩሌስ፣ ባዋል» አልኳት፣ አይፈቀድም። እስክሪብቶ አንስታ በእነሱ ካላንደር ላይ በማግስቱ ሳጥን ውስጥ «ማኖክ» ብላ ጻፈች፣ ዶሮ። ከዚያ ዞር ብላ «ሳ ሁዌቤስ?» አለችኝ። ሳ ሁዌቤስ፣ አልኳት።